ሙሴ ነርሲስ ናልባንዲያን፤ የዘመናዊ ሙዚቃችን መምህር

ሬዲዮ የሚያደምጥ ሰው የዘፋኙን ስም ያውቃል፤ ዘፈኑን ለመለከት፣ ለሳክስፎንና ለፒያኖ ከፋፍሎ የጻፈውንና ተጫዋቾቹን ያስተማረውን ግን የሚጠይቅ ጥቂት ነው። በአገራችን የሙዚቃ ታሪክ ውስጥ ስማቸው ከድካማቸው ያነሰ ሆኖ ከቀረ ታላላቅ መምህራን አንዱ ሙሴ ነርሲስ ናልባንዲያን ናቸው።

ሙሴ ነርሲስ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1915 ዓ.ም. ዐይንታብ በተባለች፣ ዛሬ በቱርክ ግዛት በምትገኝ ከተማ፣ ከአርመን ወላጆች ተወለዱ። ዘመኑ የአርመን ሕዝብ የተፈጀበትና ከመኖሪያው የተነቀለበት የመከራ ዘመን ስለ ነበረ፣ ያደጉት በስደት በሶርያዋ ከተማ በሐለብ ነው። ከልጅነታቸው ጀምሮ ለሙዚቃ የተለየ ፍቅር ስለ ነበራቸው ልዩ ልዩ መሣሪያዎችን መጫወትና መዘምራንን መምራት ተማሩ።

ወደ ኢትዮጵያ የመጡበትን መንገድ ቀድመው የጠረጉላቸው አጎታቸው ሙሴ ኬቮርክ ናልባንዲያን ናቸው። በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን በኢየሩሳሌም የአርመን ገዳም ውስጥ ያዩአቸውን አርባ ወላጅ አልባ ልጆች ወደ አዲስ አበባ ባስመጡ ጊዜ፣ የልጆቹ የሙዚቃ መሪ ሆነው አብረው የመጡት ኬቮርክ ነበሩ። እስከ አብዮቱ ዘመን ድረስ የተዘመረውን የኢትዮጵያን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ የደረሱትም እኒሁ ሰው ናቸው። የወንድም ልጅ ነርሲስ አጎታቸውን ተከትለው በ1930 ዓ.ም. ገደማ፣ አገሪቱ በጠላት እጅ ሳለች፣ አዲስ አበባ ገቡ።

በ1933 ዓ.ም. ነጻነት ከተመለሰ በኋላ ከተማይቱ እንደ ገና ስትደራጅ ሙዚቃም አብሮ ታደሰ። በ1927 ዓ.ም. የተመረቀው የአቃቂ የሬዲዮ ጣቢያ መስመር በጦርነቱ ተቋርጦ ከቆየ በኋላ ሬዲዮ ዳግመኛ ድምፁን ማሰማት ጀመረ። የሸክላ ቀረጻ ገና ባልተስፋፋበት በዚያ ጊዜ፣ ሕዝቡ አዲሱን ሙዚቃ የሚሰማው በአደባባይ፣ በዳንስ አዳራሽና በሬዲዮ ሞገድ ነበር። ሙሴ ነርሲስም በ1938 ዓ.ም. ገደማ የተቋቋመውን የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት የሙዚቃ ጓድ ይዘው ማሠልጠንና መምራት ጀመሩ።

የጠበቃቸው ሥራ ድርብ ነበር። አዝማሪው ሙያውን ከአባቱ ወይም ከዘመዱ በጆሮው ይቀበላል፤ በጓድ የሚጫወት ሰው ግን ኖታ ካላነበበ ከሌሎች ጋር ሊስማማ አይችልም። ስለዚህ አስቀድሞ ፊደሉን ማስቈጠር ያስፈልግ ነበር። ሁለተኛውና የከበደው የቅኝት ጉዳይ ነው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ እያንዳንዳቸው በአምስት ድምፆች የቆሙ ናቸው፤ የአውሮፓ ስምም ግን በሰባት ድምፆች ላይ የተገነባ ነው። ይህንኑ ስምም እንዳለ በቅኝቶቹ ላይ የጫነ ሰው ለዛቸውን ያጠፋል፤ ፈርቶ የተወም ሃያ መሣሪያ አንዲት ዜማ ብቻ እንዲደግም ያስገድዳል። ሙሴ ነርሲስ ዜማውን እንደ ተፈጥሮው እየተዉ፣ ከሥሩ ለእያንዳንዱ መሣሪያ ተገቢውን ድርሻ ይጽፉ ነበር። የውጭ አገር ተወላጅ ሆነው ሳለ ከሙዚቃችን ጠባይ ጋር ታግለው መስማማታቸው ትልቁ ውለታቸው ነው።

በ1948 ዓ.ም. ለንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ ኢዮቤልዩ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ሲከፈት የማዘጋጃ ቤቱ ተጫዋቾች ወደዚያ ተሻገሩ፤ ሙሴ ነርሲስም በቴአትሩ ለዘፈን፣ ለዳንስና ለቴአትር የሚሆን ሙዚቃ እያዘጋጁ ብዙ ዓመት አገለገሉ። በማዘጋጃ ቤቱ ጓድ ጀምረው በዚሁ ቴአትር ከቀጠሉት አንዱ ጌታቸው መኩሪያ የጀግና ሽለላን በሳክስፎን ማሰማት የቻለ፣ በኋላም በዓለም መድረክ የታወቀ ሰው ነው። በግንቦት 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በአዲስ አበባ ሲመሠረትም ለበዓሉ የአፍሪካን አንድነት የሚያወድስ መዝሙር የደረሱት ሙሴ ነርሲስ ናቸው። አገር አልባ ሆኖ ያደገ ሰው የአንድ አህጉርን ደስታ በዜማ ገለጠ። ኢትዮጵያም ዜግነቷን ሰጥታ ልጅ አድርጋቸዋለች።

ከመድረኩ ጎን ለጎን የመምህርነቱን ወንበር አልተዉም፤ በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ወጣቶችን አስተምረዋል። ሕይወታቸው ያለፈው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1977 ዓ.ም. ነው። ከደከሙበት መጠን ጋር ሲነጻጸር በሸክላ የቀረው ሥራቸው ጥቂት ነው፤ በሬዲዮ የተሰማው አብዛኛው እንደ ተሰማ አልፏል። በእጃቸው የጻፉት ኖታ ግን በቤተሰባቸው ዘንድ ተጠብቆ ቆይቶ፣ ከብዙ ዓመታት በኋላ ከአሜሪካዋ ከቦስተን የመጣው ኢዘር ኦርኬስትራ የተባለ ጓድ በአዲስ አበባ መድረክ ሳይቀር ተጫውቶታል።

ከዚህ ታሪክ ለመምህር የሚተርፈው ቁም ነገር ግልጽ ነው። በሞገድ የተላከ ድምፅ በዚያው ቅጽበት ይጠፋል፤ በወረቀት የሰፈረና በደቀ መዝሙር ልብ የተተከለ ግን ይቈያል። ከውጭ የመጣውን ዕውቀት የሚያስተምርም ሰው የሚያስተምርበትን አገር ጠባይ አስቀድሞ መማር እንዳለበት የሙሴ ነርሲስ ሕይወት ይመሰክራል። ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር በተባለው አዳራሽ መለከትና ሳክስፎን በትዝታ ቅኝት በተሰሙ ቊጥር የኚህ መምህር ድካም አብሮ ይሰማል።