ኸርዝና የማይታየው ብርሃን

1879 ዓ.ም. ለሐረር የጨለንቆ ዓመት ነው፤ የአሚር አብዱላሂ ጦር ተሸንፎ ከተማይቱ በንጉሥ ምኒልክ እጅ የገባችው በዚሁ ዓመት ነበር። በዚያው ዓመት፣ በጀርመን አገር በካርልስሩኸ የቴክኒክ ተቋም፣ ገና የሠላሳ ዓመት ሰው የነበሩት ሃይንሪክ ኸርዝ በሁለት ኳሶች መካከል የሚዘለውን የኤሌክትሪክ ብልጭታ ይመረምሩ ነበር።

ኸርዝ የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ1857 በሐምቡርግ ነው። ትምህርታቸውን እንደ እኛ በምሕንድስና ጀምረው ወደ ፊዚክስ አዘነበሉ፤ በበርሊን ከሄልምሆልትዝ ዘንድ ተምረው በ1880 የዶክትሬት ማዕረግ አገኙ። ስማቸው የገነነው የኤሌክትሮማግኔት ሞገድን በሙከራ በማረጋገጣቸው ነው፤ ዛሬም የራዲዮ ጣቢያ ቁጥር ሲነገር ስማቸው አብሮ ይጠራል። እኔን ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ግን በዚያ ሥራ ላይ ሳሉ ያጋጠማቸው እንቅፋት ነው።

መሣሪያቸው ትልቅ ላኪና ትንሽ ተቀባይ ብልጭታ ነበረው። ትንሹ ደብዛዛ ስለ ነበረ በደንብ እንዲታያቸው በጨለማ ሣጥን ከለሉት፤ ብልጭታውም በማጠር መለሰላቸው። ሌላ ሰው ቢሆን ሣጥኑን አንሥቶ ሥራውን በቀጠለ ነበር። እሳቸው ግን ዋናውን ምርምር አቆይተው በሁለቱ ብልጭታዎች መካከል ልዩ ልዩ ነገር እያስገቡ ፈተኑ። መስታወት ከለከለ፤ ኳርትዝ አሳለፈ። ብርሃኑን በኳርትዝ ፕሪዝም ሲበትኑት፣ ኃይሉ የተገኘው ከሐምራዊው ቀለም ወዲያ፣ ዓይን ከማያየው ከአልትራቫዮሌት ሥፍራ ነው። ምክንያቱን በግምት አልሞሉትም፤ ያዩትን ብቻ ጽፈው ተዉት። ማብራሪያው በ1905 ከአይንስታይን መጣ።

ጋዝ ይህን ብርሃን የሚሰጠው ሞለኪውሎቹ በኤሌክትሮን ተመትተው ያገኙትን ኃይል ሲለቁ ነው። በ1963 የተሠራው የናይትሮጅን ሌዘር በ337 ናኖሜትር ያበራል፤ የኤሌክትሪኩ ጅረት በናኖሴኮንዶች ልክ ካልፈጠነ ግን አይሠራም።

ነገሩ የቤተ ሙከራ ብቻ አይደለም። ከጀጎል በስተ ምሥራቅ፣ ከኤረር በር ውጭ፣ በመንገድ ዳር ብረት የሚበይድ ሠራተኛ ከአርኩ የሚደርስበት ጨረር ያው የኸርዝ ጨረር ነው፤ ማታ ዓይኑ አሸዋ እንደ ገባበት የሚቆረቁረውም ከዚሁ የተነሣ ነው። ተራ መስታወት አጭሩን ሞገድ ቢይዝም ረዥሙን ያሳልፋል፤ የፀሐይ መነጽር ለብየዳ አይበቃም። ይህን ለበያጁ መንገር ከእኛ ሙያ ውጭ ነው የሚል ካለ አልስማማም።

ኸርዝ በ1889 ወደ ቦን ተዛወሩ። ከ1892 ጀምሮ ሕመም ጸናባቸው፤ ደጋግሞ የተደረገላቸው ቀዶ ሕክምናም አላዳናቸውም። ባለቤታቸውንና ሁለት ሴቶች ልጆቻቸውን ትተው፣ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 1894፣ በ36 ዓመታቸው ዐረፉ።