ላቮዋዚዬ፦ የኬሚስትሪን ሂሳብ በሚዛን ያወራረደው ሊቅ

በጪጩም ሆነ በዲላ ኬሚስትሪ የሚማር የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሰሌዳው ላይ የተጻፈን እኩልታ ግራና ቀኝ ሲያመጣጥን፣ ሳያውቀው የአንድ ፈረንሳዊ ቀረጥ ሰብሳቢን ልማድ ይከተላል። ሰውየው አንቷን ላቮዋዚዬ ነው።

ላቮዋዚዬ እ.ኤ.አ. በ1743 በፓሪስ ከጠበቃ አባት ተወለደ። እናቱን በሕፃንነቱ አጣ። የአባቱን ፈለግ ተከትሎ ሕግ ቢያጠናም ልቡ ወደ ተፈጥሮ ሳይንስ አደላ፤ በ1768 ገና በ24 ዓመቱ የፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ አባል ሆነ። በዚያው ዓመት ለንጉሡ ቀረጥ በኮንትራት ከሚሰበስበው የባለሀብቶች ማኅበር ድርሻ ገዛ። ለምርምሩ ገንዘብ ያስገኘለትም፣ ኋላ ለሞት የዳረገውም ይኸው ድርሻ ነው።

በ1771 የማኅበሩን ባልደረባ ልጅ ማሪ አንን አገባ። የ13 ዓመት ልጅ ነበረች። አድጋ እንግሊዝኛ ተምራ የሌሎች ሊቃውንትን ጽሑፍ ተረጎመችለት፤ የሙከራ መሣሪያዎቹን ሣለች፤ ውጤቱን መዘገበች። ይህ ድርሻዋ ብዙ ጊዜ መዘንጋቱ ተገቢ አይደለም።

በዘመኑ የነበሩ ሊቃውንት በሚነድ ነገር ሁሉ ውስጥ ፍሎጂስተን የሚባል ነገር አለ፣ ሲቃጠልም ይወጣል ይሉ ነበር። ለዓይን እውነት ይመስላል፤ ምድጃ የገባ አንድ ሸክም እንጨት እፍኝ አመድ ሆኖ ይቀራልና። ላቮዋዚዬ ግን ቆርቆሮን በታሸገ የብርጭቆ ዕቃ ውስጥ አግሎ መዘነ። ዕቃው እንደታሸገ ሳለ ክብደቱ አልተለወጠም። ሲከፈት አየር ገባ፤ ብረቱ የጨመረው ክብደትም ከገባው አየር ክብደት ጋር ተቀራረበ። ስለዚህ መቃጠል ከአየሩ አንድ ክፍል ጋር መዋሐድ ነው። ያንን ክፍል ኦክስጅን አለው። እንግሊዛዊው ፕሪስትሊ ስለዚህ ጋዝ በ1774 ፓሪስ መጥቶ አጫውቶት ነበር፤ ውለታውን በቅጡ አለማንሳቱ ላቮዋዚዬን ያስወቅሰዋል።

በ1789 ባሳተመው መጽሐፍ ስለ መብላላት ጻፈ። ጉዳዩ ለእኛ ሩቅ አይደለም፤ ጠጅ በጋን ሲፈላ፣ የተፈለፈለ የጌዴኦ ቡናም በገንዳ ውስጥ ሲብላላ የምናየው ነው። የወይን ጭማቂውን በአንድ ወገን፣ አልኮሉንና ጋዙን በሌላው ወገን አስቀምጦ በእኩል ምልክት አያያዛቸው። በዛሬው ስሌት 180 ግራም ግሉኮስ ሙሉ በሙሉ ሲብላላ 92 ግራም አልኮልና 88 ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሰጣል፤ ድምሩ ያው 180 ነው።

በፊደልና በቁጥር የሚጻፈው ቀመር ከእርሱ በኋላ፣ በስዊድናዊው በርዜሊየስ የመጣ ነው። ሕጉ ግን የላቮዋዚዬ ነው። ሁለት የሃይድሮጅን ሞለኪውሎች ከአንድ የኦክስጅን ሞለኪውል ጋር ሁለት የውሃ ሞለኪውሎችን ይሰጣሉ፤ በሁለቱም ወገን አራት የሃይድሮጅንና ሁለት የኦክስጅን አተሞች አሉ። ብዙ ተማሪ የሚሳሳተው ቁጥሩ አልገጥም ሲለው የውሃውን ቀመር ራሱን ሲነካካ ነው። የሚለወጠው ከቀመሩ ፊት የሚቆመው ብዛት ብቻ ነው፤ ቀመሩ ከተለወጠ ነገሩ ውሃ መሆኑ ይቀራል።

ላቮዋዚዬ ገበሬም ነበር። በ1778 በብሉዋ ከተማ አቅራቢያ መሬት ገዝቶ ፍጉንና ምርቱን እየለካ መዘገበ። በ1788 እህል በጠፋ ጊዜ ለብሉዋና ለሮሞራንታን ከተሞች ገብስ መግዣ ያለ ወለድ አበደረ።

አብዮቱ ሲፈነዳ በቀረጥ የተማረረው ሕዝብ ሰብሳቢዎቹን አልማራቸውም። ላቮዋዚዬ በ1793 መጨረሻ ታሰረ። በግንቦት 8 ቀን 1794 ከአማቱና ከሌሎች የማኅበሩ አባላት ጋር፣ በጠቅላላው 28 ሰዎች፣ ፍርድ በተሰጠበት ዕለት አንገታቸው ተቀላ። ዕድሜው 50 ነበር። የተወረሱት ወረቀቶቹና መሣሪያዎቹ ቆይቶ ለማሪ አን ተመለሱ፤ እርሷም ጽሑፎቹን አሰባስባ አወጣች።