አጥቂው ይድነቃቸው ተሰማ

አቶ ይድነቃቸው ተሰማ መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም. በጅማ ተወለዱ። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ዘመን ወደ ጀርመን አገር ተልከው የመኪና ሙያ የተማሩ፣ በዚያው ቆይታቸውም ድምፃቸውን በሸክላ ያስቀረጹ ቀደምት ኢትዮጵያዊ ናቸው። አባት በድምፃቸው፣ ልጅ ደግሞ በእግራቸው ታወቁ።

የቅዱስ ጊዮርጊስ ስፖርት ክለብ በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሲመሠረት አቶ ይድነቃቸው የ14 ዓመት ታዳጊ ነበሩ። ጥቂት ወራት እንዳለፉ የፋሺስት ጣሊያን ጦር ከተማዋን ያዘ። በወረራው ዘመን ስፖርቱም እንደ ሌላው የከተማ ኑሮ በዘር ተከፋፍሎ ስለነበር የዚያ ትውልድ ተጫዋቾች የቆዳ ቀለም በሜዳ ላይ ምን ዓይነት አጥር እንደሚሆን በወጣትነታቸው አይተዋል። ይህን ማስታወስ የኋላ ሥራቸውን ለመረዳት ይጠቅማል።

ከነፃነት በኋላ አጥቂው ይድነቃቸው በክለባቸው ማሊያ ስማቸው ገነነ። በክለቡ ታሪክ እንደሚነገረው በ23 ዓመታት ውስጥ 365 ጨዋታዎችን አድርገው 318 ግቦችን አስቆጥረዋል፤ ለብሔራዊ ቡድኑም 15 ጊዜ ተሰልፈዋል። ጫማቸውን የሰቀሉት በ1950 ዓ.ም. ነው። ነገር ግን ተጫዋች ሳሉም የሥራቸው እኩሌታ ከሜዳ ውጭ ነበር፤ የአገሪቱ የስፖርት አስተዳደርና የእግር ኳስ ፌዴሬሽን ሲደራጅ ከመሥራቾቹ አንዱ ናቸው። ዛሬ በቡሬም ሆነ በፍኖተ ሰላም አንድ የወጣቶች ቡድን በደንብ ተመዝግቦ፣ ዳኛ ተመድቦለት ሲወዳደር የሚከተለው ሥርዓት ያኔ የተጀመረው ነው።

በየካቲት 1949 ዓ.ም. የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን በካርቱም ሲመሠረት አቶ ይድነቃቸው ኢትዮጵያን ወክለው ከተገኙት መካከል ነበሩ። መሥራቾቹ አራት አገሮች፣ ማለትም ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ ነበሩ። ለመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ደቡብ አፍሪካ ነጮችንና ጥቁሮችን በአንድነት ያሰለፈ ቡድን ለመላክ ፈቃደኛ ስላልሆነች ከውድድሩ ወጣች። ኢትዮጵያም ተጋጣሚዋ በመቅረቱ ያለ ጨዋታ ለፍጻሜ አልፋ በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፈች። በሜዳ የተገኘው ውጤት የሚያኮራ አልነበረም፤ ከሜዳ ውጭ የተያዘው አቋም ግን ለሠላሳ አምስት ዓመታት ያህል ጸንቷል።

ከአምስት ዓመት በኋላ ዋንጫው ወደ አዲስ አበባ መጣ። አቶ ይድነቃቸው በዚያን ጊዜ የብሔራዊ ቡድኑ አሠልጣኝ ነበሩ። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም.፣ ጥምቀት በዋለ በሦስተኛው ቀን፣ ቡድናቸው ለፍጻሜ ከግብፅ ጋር ገጠመ። ግብፆች ሁለት ጊዜ መሩ፤ ኢትዮጵያ በግርማ ተክሌና በአምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ግቦች ሁለት ጊዜ አቻ ሆነች። በጭማሪው ሰዓት የሉቺያኖ ወንድም ኢታሎ፣ ቀጥሎም መንግሥቱ ወርቁ አስቆጥረው ጨዋታው 4 ለ 2 ተፈጸመ። ኢትዮጵያ እስከ ዛሬ ያገኘችው ብቸኛው የአፍሪካ ዋንጫ ይህ ነው።

በዚህ ድል ማግስት የመጣው ውሳኔ እጅግ ከባድ ነበር። ዓለም አቀፉ የእግር ኳስ ፌዴሬሽን በ1958 ዓ.ም. በእንግሊዝ ለሚደረገው የዓለም ዋንጫ ለአፍሪካ፣ ለእስያና ለኦሺንያ በጋራ አንዲት ቦታ ብቻ መደበ። ከአሥራ ስድስቱ ቦታዎች አሥሩ የአውሮፓ ነበሩ። አቶ ይድነቃቸው ከጋናው ኦሄኔ ጃን ጋር ሆነው ይህን ተቃወሙ፤ የአፍሪካ አገሮችም በአንድነት ከማጣሪያው ራሳቸውን አገለሉ። ከእነዚህ አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች። ራሳቸው አሠልጥነው ሻምፒዮን ያደረጓቸው ተጫዋቾች፣ በዕድሜያቸው ብርቱ ወቅት፣ ወደ ዓለም ዋንጫ የሚወስደው በር ሲዘጋ ከዘጉት እጆች አንዱ የእርሳቸው ነበር። አጥቂ ለነበረ ሰው ይህ ቀላል አልነበረም ብሎ ማሰብ ይቻላል። ውጤቱ ግን ብዙ አልዘገየም፤ ከ1962ቱ የሜክሲኮ ውድድር ጀምሮ አፍሪካ የራሷ ቦታ ተሰጣት፤ መጀመሪያ የሄደችውም ሞሮኮ ነበረች። በ1974 ዓ.ም. ቦታው ወደ ሁለት ከፍ አለ።

አቶ ይድነቃቸው በ1958 ዓ.ም. የዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ሥራ አስፈጻሚ፣ በ1963 ዓ.ም. የዓለም አቀፉ የኦሎምፒክ ኮሚቴ አባል ሆኑ። በ1964 ዓ.ም. የአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ፤ እስከ ዕለተ ሞታቸውም በዚሁ ሥልጣን ቆዩ። የፕሬዚዳንትነታቸው ዘመን በአብዛኛው በጉዞና በስብሰባ ያለፈ ነበር። ኮንፌዴሬሽኑ አንድ ብሔራዊ ቡድን በውጭ ክለቦች የሚጫወቱትን ከሁለት በላይ እንዳያሰልፍ የሚከለክል ደንብ ነበረው፤ እርሳቸውም የአፍሪካ ተጫዋቾች ወደ አውሮፓ መፍለስ የአህጉሩን ሊጎች ያዳክማል የሚል ሥጋት ነበራቸው። ደንቡ በኋላ ተሽሯል። ኑሮውን በውጭ ክለብ ሊያሻሽል ለሚመኝ ወጣት ይህ አቋም የሚያከራክር ነው፤ ሥጋታቸው ግን ከንቱ ነበር ማለት ያስቸግራል።

በደቡብ አፍሪካ ጉዳይ ግን አቋማቸው አልተለወጠም። ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን አገሪቱን ሲያግድ፣ እግዱን ሲያነሣና መልሶ ሲያግድ ከቆየ በኋላ በ1968 ዓ.ም. ከአባልነት አስወጣት።

አቶ ይድነቃቸው ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም.፣ በቡሄ ዕለት፣ በ65 ዓመታቸው ዐረፉ። አፓርታይድ እየተሻረ ሲሄድ ደቡብ አፍሪካ በ1984 ዓ.ም. ወደ ዓለም አቀፍ ውድድር ተመለሰች፤ በጥር 1988 ዓ.ም. ነጭና ጥቁር ተጫዋቾችን በአንድ ማሊያ አሰልፋ በራሷ ሜዳ የአፍሪካን ዋንጫ አነሣች።