የአውሳው ሱልጣን መሐመድ ሐንፈሬ
ኃይለኛ መንግሥት በጦር ሲመጣ ለመለየት አያስቸግርም፤ በውል ሲመጣ ግን ያስቸግራል። አውሳን 40 ዓመት ያህል የገዙት ሱልጣን መሐመድ ሐንፈሬ ሁለቱንም አይተዋል።

አዋሽ በአፋምቦ ሐይቆች በኩል በሚያልቅበት አገራቸው፣ በ1868 ዓ.ም. ሙንዚንገር የመራው የግብፅ ጦር ድል ሆነ። በ1875 ዓ.ም. ግን ሱልጣኑ ከኢጣልያው መልእክተኛ ከአንቶኔሊ ጋር ተዋውለው ከአሰብ ወደ ሸዋ የሚወስደውን የሲራራ መንገድ ከፈቱ። በ1881 ዓ.ም. የተፈረመው ውል ከመንገድ አልፎ የአፋርን ጠረፍ ለኢጣልያ አጸደቀ።

ይሁን እንጂ የኢጣልያ መንግሥትና ሕዝብ አንድ ቃል አልነበሩም። በ1888 ዓ.ም. ከዓድዋ በኋላ ሕዝቡ አደባባይ ወጥቶ ሲቃወም ጠቅላይ ሚኒስትሩ ክሪስፒ ሥልጣኑን ለቀቀ።

እንግዲህ የአገር ጉዳይ የሚጠብቀን ሁሉ ውሉን እስከ መጨረሻው መስመር እናንብብ፤ ከመልእክተኛው ኋላ ያለውንም ሕዝብ እንወቅ።