በዓሉ ግርማ፦ ሰው ከራሱ ጋር ሲጣላ

ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት ሥነ ልቡና ነው። የምኖረው መንጌ፣ ከአሶሳ ወደ ሰሜን፣ በርታዎች አገር ነው። እዚህ ካሉ ወጣቶች ጋር ስለ ሰው አእምሮ ስናወራ ከተማርኩባቸው መጻሕፍት ይልቅ ቶሎ አፌ ላይ የሚመጣው አንድ ደራሲ ነው፤ በዓሉ ግርማ። ደብተሬ ላይ ደረቅ ትርጉም ሆነው የቀሩትን ነገሮች ሥጋ አልብሶ ያሳየኝ እሱ ነው።

በዓሉም የምዕራብ ልጅ ነው። የተወለደው ኢሉባቦር፣ ሱጴ ነው። አባቱ ህንዳዊ ነጋዴ፣ እናቱ ኦሮሞ ነበሩ። ልጅ ሆኖ አዲስ አበባ ገባ፤ ጄኔራል ዊንጌት ተማረ፣ ቀጥሎ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ፣ ከዚያም አሜሪካ፣ ሚሺጋን። ያጠናው ፖለቲካና ጋዜጠኝነት ነው እንጂ የአእምሮ ሳይንስ አይደለም። ነገር ግን በ1962 ዓ.ም. «ከአድማስ ባሻገር»ን ሲያሳትም ገና የሠላሳ ዓመት ገደማ ወጣት ሆኖ፣ የሰውን ውስጥ እንደ ሐኪም ሲመረምር ታገኙታላችሁ።

አሜሪካዊው ሊዮን ፌስቲንገር በ1957 እ.ኤ.አ. ያሳተመው አንድ ታዋቂ ንድፈ ሐሳብ አለ። ሰው የሚያምነውና የሚያደርገው ሲጋጩበት ውስጡ ይረበሻል ይላል። ረብሻውን ለማስታገስ ወይ አድራጎቱን ይለውጣል፣ ወይ እምነቱን፣ አለዚያም ምክንያት ይደረድራል። እኔ ይህን ለፈተና ሸምድጄው ነበር። የገባኝ ግን የ«ከአድማስ ባሻገር»ን አበራ ወርቁን ሳነብ ነው። አበራ የተማረ ነው፣ የቢሮ ወንበር አለው፣ ደመወዝ አለው። ነፍሱ ግን ወደ ጥበብ ትስበዋለች። ወንበሩን አይተው፣ ጥበቡን አይዝ፤ መሃል ላይ ይቃጠላል። መጨረሻውን አልነግራችሁም፤ ያላነበባችሁ አንብቡት፣ ካልሆነም ትረካውን ስልካችሁ ላይ ፈልጉት።

የሚገርመው፣ በዓሉ ራሱም ኋላ እዚያው መሃል ላይ መቆሙ ነው። «መነን»ን፣ «አዲስ ዘመን»ን፣ «ኢትዮጵያን ሄራልድ»ን በዋና አዘጋጅነት መርቷል። አብዮቱ ከመጣ በኋላ ደግሞ በማስታወቂያ ሚኒስቴር እስከ ቋሚ ተጠሪነት ወጣ። ወንበሩ ከአበራ ወንበር በጣም ይበልጣል። በ1972 ዓ.ም. «የቀይ ኮከብ ጥሪ»ን ጻፈ። እውነቱን ለመናገር ከሥራዎቹ ሁሉ ወደ ኋላ የማደርጋት ይቺን ነው፤ ምክንያት ይደረድር የነበረበት ጊዜ ትመስለኛለች። «ደራሲው» ግን ሌላ ነው። የሚጽፍ ሰው ከብዕሩ ጋር እንዴት እንደሚታገል እንደዚያ ያሳየኝ የአማርኛ መጽሐፍ የለም። «ሐዲስ»ንም እኛ አካባቢ የተመደበ መምህር ሁሉ ቢያነበው ደስ ይለኛል፤ ወጣት አስተማሪ ሱጴ ድረስ የሚዘልቅበት ታሪክ ነው።

ከዚያ የቀይ ኮከብ ዘመቻ መጣ፤ 1974 ዓ.ም.። በዓሉ ለፕሮፓጋንዳው ሥራ አስመራ ወረደ። ዘመቻውን እንዲያወድስ የተላከ ሰው፣ ያየውን ይዞ ተመለሰ። ዝም ማለት ይችል ነበር። ብዙ ሰው ዝም ብሎ ወንበሩን ጠብቋል፤ በዚያ ዘመን ማንም አይፈርድበትም ነበር። እሱ ግን በ1975 ዓ.ም. «ኦሮማይ»ን አወጣ። ቃሉ ከጣልያንኛ ወደ አስመራ አፍ የገባ ነው፤ በቃ፣ አለቀ እንደማለት። ዋናው ገጸ ባሕርይ ፀጋዬ ኃይለማርያምም እንደ ደራሲው ጋዜጠኛ ነው፤ ከመንግሥት ጋር ተሰልፎ ሄዶ፣ አስመራ ላይ ልቡም እምነቱም ይከፈልበታል። ባለሥልጣናቱ በገጸ ባሕርያቱ ውስጥ ራሳቸውን አዩ። መጽሐፉ ወዲያው ከገበያ ተሰበሰበ፣ በዓሉም ከሥራው ተባረረ።

የካቲት 6 ቀን 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ አልተመለሰም። ቮልስዋገን መኪናው ወደ ደብረ ዘይት በሚወስደው መንገድ ላይ ቆማ ተገኘች። ሚስቱና ልጆቹ ጠበቁት፤ መቃብር እንኳ አላገኙም። «ኦሮማይ» ግን የተረፉት ቅጂዎች ተደብቀው፣ ከእጅ ወደ እጅ እየዞሩ መነበባቸውን ቀጠሉ።