በ30 ዓመት የተጀመረ ነርስነት፤ የኤዲት ካቬል የሙያ ጉዞ

የኤዲት ካቬል ስም ሲነሣ በብዙዎች ኅሊና ቀድሞ የሚመጣው አሟሟታቸው ነው። እኒህ እንግሊዛዊት ነርስ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በብራስልስ ከተማ በጀርመን ጦር ተረሽነዋል። ለእኛ ለሙያ ባልደረቦቻቸው ግን ከአሟሟታቸው ያላነሰ ትምህርት የሚሰጠን አኗኗራቸው ነው። ይልቁንም በ30 ዓመታቸው ወደ ነርስነት ገብተው፣ የሚስማማቸውን ዘርፍ እስኪያገኙ ድረስ የተጓዙት የ12 ዓመት ያህል መንገድ ልብ ሊባል ይገባዋል። ከሌላ ሥራ ወጥቶ ወይም ልጆች አሳድጎ ወደ ነርስ ትምህርት ቤት ደጃፍ የሚደርስ ሰው፣ የቀረኝ ዕድሜ ለየትኛው ዘርፍ ይበቃል ብሎ መጨነቁ አይቀርምና። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ካቬል የተወለዱት ዲሴምበር 4 ቀን 1865 በምሥራቅ እንግሊዝ፣ በኖርዊች ከተማ አጠገብ በምትገኘው በስዋርድስተን መንደር ነው። አባታቸው የመንደሪቱ ቄስ ሲሆኑ፣ ከአራት ልጆቻቸው የመጀመሪያዋ ኤዲት ነበሩ። በዚያ ዘመን ለተማረች ሴት የተፈቀደው የሥራ ዓይነት ጥቂት ስለ ነበረ፣ በሰው ቤት እየተቀመጡ ልጆች ማስተማር ያዙ። ከ1890 እስከ 1895 ድረስም በብራስልስ በአንድ ቤተ ሰብ ዘንድ በአስተማሪነት ቆዩ፤ ፈረንሳይኛቸውም በዚያ በረታ። በ1895 አባታቸው ስለ ታመሙ ሊያስታምሙ ወደ አገራቸው ተመለሱ። አባትየው ከሕመማቸው ተነሡ፤ ኤዲት ግን ወደ ቀድሞው ሥራቸው ሳይመለሱ ቀሩ። ነርስ ለመሆን ቆርጠው ነበር።

ወደ ትልቁ ትምህርት ቤት ከመግባታቸው በፊት ግን ራሳቸውን ፈተኑ። በ1895 መጨረሻ በደቡብ ለንደን፣ ተላላፊ ትኩሳት የያዛቸው ሕሙማን በሚታከሙበት ሆስፒታል በረዳትነት ተቀጥረው ጥቂት ወራት ሠሩ። ሥራው ከባድና ለሕይወትም የሚያሰጋ ነበር። ይህን ካዩ በኋላ በ1896 በለንደን ሆስፒታል፣ በታዋቂዋ ሜትሮን በኤቫ ሉክስ ሥር ሥልጠና ጀመሩ። በማግስቱ ዓመት በሜድስቶን ከተማ የአንጀት ተስቦ ወረርሽኝ ገባ። ከ1,700 በላይ ሰዎች ታመው 132 ሲሞቱ፣ ከሆስፒታሉ ወደዚያ ከተላኩት ነርሶች አንዷ ካቬል ነበሩ፤ ለአገልግሎታቸውም ሜዳልያ ተሸለሙ። ሆኖም የሜትሮኗ መዝገብ ብዙ አላመሰገናቸውም፤ ሰዓት አለማክበራቸውን ሳይቀር ይነቅፋል። በዚያ ገጽ ብቻ ቢፈረድባቸው ኖሮ ኋላ የሠሩትን ሁሉ ማንም ባልገመተ ነበር።

ሥልጠናቸውን በ1898 ከፈጸሙ በኋላ መጀመሪያ የተመደቡት በየግል ቤቱ ለሚታከሙ ባለጠጎች በሚላኩት ነርሶች ክፍል ነው። ይህ ዘርፍ አንዱን በሽተኛ ሌት ተቀን በቅርብ መከታተልን ያስተምራል፤ ነገር ግን ነርሷን ከባልደረቦቿ ይነጥላታል። በ1901 ካቬል ፊታቸውን ወደ ድሆች መለሱ። በሰሜን ለንደን በሴንት ፓንክራስ፣ ጧሪ የሌላቸው ሽማግሌዎችና ሥር የሰደደ ሕመም ያደረባቸው ችግረኞች በሚተኙበት ሆስፒታል የሌሊት ተቆጣጣሪ ሆኑ። በ1903 ደግሞ በሾርዲች በሚገኝ መሰል ሆስፒታል ምክትል ሜትሮን ሆነው ተሾሙ። እንዲህ ያለው ቦታ በዚያን ጊዜ ዝና የሚገኝበት አልነበረም። ካቬል ግን ብዙ ሕሙማንን በጥቂት ነርሶች ማስተዳደርን፣ ወጣት ሠልጣኞችንም መምራትን ተማሩበት። ከሆስፒታል የወጡትን ሕሙማን በየቤታቸው እየሄዱ ይጠይቁም ነበር። በ1906 ወደ ማንቸስተር ተሻግረው፣ በፋብሪካ ሠፈሮች ድሆችን በቤታቸው ከሚያስታምሙ ነርሶች ጋር ሠሩ።

በ1907 የብራስልሱ ቀዶ ጠጋኝ ዶክተር አንቷን ደፓዥ አዲስ የነርሶች ትምህርት ቤት የሚመራለት ሰው ይፈልግ ነበር። በቤልጅግ አስታማሚነት በአብዛኛው የመነኮሳይት ሥራ ስለ ነበረ፣ የደኅና ቤተ ሰብ ልጅ በደመወዝ በሽተኛ ስታስታምም መታየት እንደ ነውር ይቆጠር ነበር። ስለዚህም የሚፈለገው ሰው ነርስነትን የሚያውቅ፣ ፈረንሳይኛ የሚናገር፣ የአገሩንም ጠባይ የተረዳ መሆን ነበረበት። በልጆች አስተማሪነት ያለፉት አምስት የብራስልስ ዓመታት፣ ለነርስነት ሲባል የባከኑ ይመስሉ የነበሩት፣ ካቬልን ለዚህ ቦታ አበቋቸው። ትምህርት ቤቱ በኦክቶበር 1907 በጥቂት ሠልጣኞች ተከፈተ። እርሳቸውም በ41 ዓመታቸው ዘርፋቸውን አገኙ፤ ይኸውም ነርስ ማስተማር ነበር። በለንደን በሰዓት አለማክበር የተነቀፉት ሴት፣ በብራስልስ ሰዓት አጥብቀው የሚያስጠብቁ ኃላፊ ሆኑ። በ1910 ለቤልጅግ ነርሶች የሙያ መጽሔት መታተም ጀመረ፤ በዚህም የካቬል እጅ ነበረበት።

በኦገስት 1914 ጦርነቱ ሲፈነዳ ካቬል እናታቸውን ሊጠይቁ እንግሊዝ ነበሩ። በዚያው መቅረት ሲችሉ ወደ ሠልጣኞቻቸው ተመለሱ። ከተማይቱ በጀርመኖች ከተያዘች በኋላ ትምህርት ቤቱ ቁስለኛን ሁሉ ወገን ሳይለይ ያስታምም ነበር። ካቬል ከዚህም አልፈው፣ ከጦራቸው ተለይተው የቀሩ 200 ያህል የእንግሊዝ፣ የፈረንሳይና የቤልጅግ ሰዎች ወደ ሆላንድ እንዲያመልጡ ከሌሎች ጋር ሆነው ረዱ። ኦገስት 5 ቀን 1915 ተያዙ፤ ከተፈረደባቸውም በኋላ ኦክቶበር 12 ቀን ጎሕ ሲቀድ በ49 ዓመታቸው ተረሸኑ። ዓጽማቸው በ1919 ወደ እንግሊዝ ተወስዶ በኖርዊች ካቴድራል አጠገብ ዐርፏል።

የሙያ ሕይወታቸው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው 20 ዓመት ያህል ብቻ ነው። ከዚህም ከግማሽ የሚበልጠው ዘርፍ በመፈለግ አለፈ። የትኩሳት ሆስፒታሉ ሥጋት፣ የግል ቤቱ ብቸኝነት፣ የድሆች ሆስፒታል ሌሊት፣ የማንቸስተር ሠፈር፣ እያንዳንዱ ለአስተማሪነታቸው አንድ ነገር ጨምሮላቸዋል። እንግዲህ በጎልማሳነት ዕድሜ የሚመጣ ሠልጣኝ ምክር ሲጠይቀን፣ የትኛው ዘርፍ ይከበራል ከሚለው ይልቅ አስቀድሞ የነበረበትን ሥራ ብንጠይቀው መልካም ነው። ካቬልን ለብራስልስ ያበቃቸው የነርስነት ትምህርታቸው ብቻ አልነበረም፤ ከዚያ በፊት የኖሩት ሕይወትም ጭምር ነበር።