ስም አልሰጥም ያለው መርማሪ

ዳሺል ሃሜት ሲነሳ ብዙ ሰው የሚያወራው ስለ ወንጀል ልብ ወለዶቹ ነው። እኔን የሚገርመኝ ግን የራሱ ሕይወት ነው። ስሙ በእኛ ቋንቋ ሐሜት ቢመስልም፣ ሰውየው የሰው ስም ከአፉ አልወጣም።

እ.ኤ.አ. በ1894 ሜሪላንድ ተወለደ። ትምህርቱን በልጅነቱ አቋርጦ ያገኘውን ሲሠራ ቆየና በ1915 ፒንከርተን በተባለው የግል መርማሪዎች ድርጅት ተቀጠረ። ሰው መከታተል እንጀራው ሆነ። ድርጅቱ ሌባ ብቻ አልነበረም የሚያሳድደው፤ ለባለሀብቶች ብሎ ሠራተኛ ማኅበራት ውስጥ ጆሮ ጠቢ ያስገባ፣ አድማ ይሰብርም ነበር።

በአንደኛው የዓለም ጦርነት ውትድርና ላይ ሳለ የያዘው የሳንባ ነቀርሳ ከመርማሪነቱ አስወጣው። ያኔ ነው ብዕር ያነሳው። በ1929 «ቀይ አዝመራ»፣ በ1930 «የማልታው ጭልፊት» ታተሙ። ዝናውም ገንዘቡም መጣ።

በ1951 ግን ፍርድ ቤት ቆመ። እሱ ባለአደራ በሆነበት የዋስትና ገንዘብ የተለቀቁ ኮሚኒስቶች ጠፍተው ነበር። ገንዘቡን ማን ማን እንዳዋጣ ተጠየቀ፤ አልናገርም አለ። 6 ወር ተፈረደበትና 5 ወር ገደማ ታሰረ። ከዚያ ገቢው ደረቀ፤ በ1961 ደኽይቶ ሞተ። የሁለት ጦርነት ወታደር ስለነበር የተቀበረው ቨርጂኒያ፣ አርሊንግተን ነው።

ፖለቲካውን አለመውደድ ይቻላል። ነገር ግን ጥቆማ እንጀራ እንደሚሆን እሱ ከውስጥ ያውቀው ነበር። ስም ጠቁሞ መስጠት ስንት ቤት እንዳፈረሰ ለምናውቅ ለእኛ፣ ያ ዝምታ ቀላል ነገር አይደለም።